ሃያ አንደኛዋ ግመል

በአንድ ወቅት፣ ዝናቡ ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ብቻ በሚደርስበት የአፋር ቆላ፣ ደሀብ የምትባል ግመል ነጋዴ ነበረች። ባሏ ሲሞት ልጆቿ ገና ትንንሾች ስለነበሩ፣ ግመል እየነዳች ከገበያ ገበያ ዞራ ነው ያሳደገቻቸው። ወንዶቹ ነጋዴዎች መጀመሪያ ላይ ይስቁባት ነበር። ኋላ ኋላ ግን ራሳቸው ግመል ሊገዙ ሲሉ እሷን ጠርተው «እስቲ እያት፣ ምን ትያለሽ?» ማለት ጀመሩ።

ልጆቿ ሦስት ናቸው። የበኩሩ ያዮ ጉልበተኛ ነው፤ ቁጭ ብሎ ከሚያስብ ተነሥቶ ቢሳሳት ይመርጣል። ሁለተኛዋ ሰዓዳ በወረዳው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት፤ ዳኛው የሚለውን ለአርብቶ አደሩ፣ አርብቶ አደሩ የሚለውን ለዳኛው ስታቀብል ትውላለች። የመጨረሻው ወግሪስ ነገር አያበዛም፤ ሰው ከሚበዛበት ይልቅ ግመል የሚበዛበት ይስማማዋል።

አንድ ጊዜ ከድንበር ማዶ ያለ የወተት ነጋዴ ሃያ እንስት ግመሎች እንድትልክለት ደሀብን ጠየቃት። ወደ ውጭ አገር ግመል ስትልክ የመጀመሪያዋ ነበር። የራሷ ግመሎች ስላልበቁ ጎረቤቶቿ ሞሉላት። አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት እየነዳ መጣና «በአንቺ እጅ ይውጡልን» ብሎ ሰጣት። ከተማ ሄደው ግመሎቹ ተመረመሩ፣ ተቆጠሩ፣ በመውጫ ሰነዱ ላይ «ሃያ» ተብሎ ተጻፈና ማኅተም ተመታበት። ከዚያ እናትና ልጆች ግመሎቹን እየነዱ ወደ ድንበር ወረዱ።

ድንበሩ ሊታይ ትንሽ ሲቀር የደሀብ የራሷ የሆነችው ጥቁሯ ግመል ከመንጋው ተነጥላ አንድ ግራር ሥር ቆመች። አንገቷን እያዞረች ጎኗን ታያለች። ወግሪስ ገና ሲያያት ገባው፤ ሮጦ ደረሰላት። ቀኗ ሳይሞላ እግረ ረጅም፣ ፀጉረ ለስላሳ ሴት ግልገል ወለደች። ደሀብ እጆቿን ዘርግታ አመሰገነች። ግልገሏ መንገዳገዷን ትታ መራመድ እስክትጀምር ጠበቁና በማግስቱ ኬላው ደረሱ።

የኬላው ሹም ጨዋ ሰው ነበር። ግመሎቹን ቆጠረ፤ ሰነዱን አየ፤ እንደገና ቆጠረ።

«እናቴ፣ ሰነዱ ሃያ ይላል። እኔ የቆጠርኩት ሃያ አንድ ነው» አላት።

«አንዷ እኮ ትናንት የተወለደች ናት» አለች ደሀብ። «ስንነሣ እናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች።»

«እንደዚህ ያሉኝ ብዙ ናቸው። አንዱ የሌላ ሰው ግልገሎች ሰብስቦ፣ ከግመሎቹ ኋላ አስከትሎ፣ መንገድ ላይ ተወለዱ ብሎኝ አምኜ አሳልፌዋለሁ። እሱ ሄደ፤ የተቀጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን የማምነው ሰነዱን ነው።»

ግመሎቹ በሽቦ ወደታጠረው ግቢ ገቡ። ግልገሏ ኤግዚቢት፣ ማለትም የጥፋቱ ማስረጃ ናት ተብላ ከእናቷ ተለይታ፣ ከግቢው ማዶ በቆርቆሮ በተከለለ በረት ውስጥ ለብቻዋ ታሰረች። በማግስቱ ደሀብ በአውራ ጣቷ ፈርማ የቅጣት ውሳኔውን ተቀበለች። ሰዓዳ አነበበችላት። ያልተመዘገበ እንስሳ ከአገር ሊወጣ ሲል ስለተያዘ ግመሎቹ በሙሉ ይወረሳሉ ይላል። ውሳኔውን የሚቃወም ሰው እስከ ሐሙስ የሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ ይግባኝ ማቅረብ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ውሳኔው የመጨረሻ ነው፣ ግመሎቹም በጨረታ ይሸጣሉ።

ደሀብ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ከሽቦው ወዲያ የጎረቤቶቿ ግመሎች አንገታቸውን አስግገው ያይዋታል። የራሷ ቢሄዱ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትረሳለች። የሰው ግመል ይዛ ወጥታ ባዶ እጇን መንደር መግባት ግን አልታያት አለ። ልጆቿም፣ ዘበኞቹም እየሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«እነዚህን ግመሎች ከዚህ አጥር ያስወጣልኝ ሰው ግልገሏን ይውሰድ። ከእሷ የሚወለደው ሁሉ የእሱ ነው። ጆሮዋ ላይ የሚደረገው ምልክትም የእሱ ይሁን።»

ደሀብ የተናገረችውን እንደማታጥፍ የሚያውቃት ሁሉ ያውቃል።

ሰነዳቸውን የሚያስጨርስላቸው ሸምሱ የሚባል ትራንዚተር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ኬላው ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየ ሁሉም ነገር በትውውቅ የሚያልቅ ይመስለዋል።

«ወይዘሮ ደሀብ፣ አይጨነቁ» አላት። «የሹሙ አለቃ፣ ዋናው ኃላፊ፣ ለሥራ ወጥቷል፤ በሚመጣው ሳምንት ይመለሳል። ሽማግሌ ይዘን እንለምነዋለን። እሱ ልቡ ሩኅሩኅ ነው።»

ደሀብ ደስ አላት። ሽማግሌ መላክ የምታውቀው ነገር ነው። ሰዓዳ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ኢና» አለቻት፤ በአፋርኛ እናቴ ማለት ነው። «በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ አልፏል።»

«እየለመንን እንዴት ያልፍብናል? ልመና ላይ ያለን ሰው ይጠብቁታል እንጂ።»

«አይጠብቁም። ልመናው ቀኑን አያቆመውም። ይግባኝ ካላስገባን ኃላፊው ቢያዝንልንም ምንም ማድረግ አይችልም። ፍርድ ቤት ስቀመጥ በየጊዜው የማየው ይህንኑ ነው። አንድ ሽማግሌ መሬቱ የእሱ መሆኑን አገር እየመሰከረለት፣ ይግባኙን አንድ ቀን አሳልፎ በማምጣቱ ብቻ ተመልሷል። ‹ጊዜው አልፎብዎታል› የሚለውን በአፋርኛ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ሰዎቹን አስቆጥተሽ ጭራሽ ታስወርሺናለሽ» አለች ደሀብ።

«ልጄ፣ እናትሽን ስሚ» አለ ሸምሱም። «ከመንግሥት ጋር ክርክር አይገጠምም።»

ሰዓዳ ከኬላው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ወረቀት ገዝታ በርሜል ላይ አስደግፋ ጻፈች። ሰነዱ ማኅተም ሲመታበት ግልገሏ ገና አልተወለደችም፤ ያልተወለደን ማስመዝገብ የሚችል የለም፤ ስለዚህ የደበቅነው ነገር የለም አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ከዚያ ለጣት ፊርማ የሚሆን ቀለም ይዛ እናቷ ፊት ቆመች።

«ኢና፣ ከተሳሳትኩ እድሜ ልክሽን ውቀሽኝ። ከዘገየን ግን የምትወቅሽው ሰው እንኳ አታገኚም። ጣትሽን ስጪኝ።»

ደሀብ ልጇ እንዲህ ስትናገራት ሰምታ አታውቅም። አውራ ጣቷን ሰጠቻት።

ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ደጋው ጥግ ባለችው ከተማ ነው። ያዮ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ማመልከቻውን ይዞ በጭነት መኪና ተሳፈረ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ደጋ የዘነበው ወርዶ ድልድዩን ወስዶታል። መኪኖች በሰልፍ ቆመዋል። ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ሻይ ያፈላሉ።

«መቼ ይጎድላል?» አለ ያዮ።

«ነገ፣ ካልሆነም ከነገ ወዲያ» አለው አንዱ ሾፌር። «ጎርፍ እኮ ነው፣ ምን ይደረጋል? ቢሮዎቹም ይገባቸዋል።»

ያዮ ይገባቸው እንደሆነ ለመጠየቅ አልቆመም። ከአንዱ ሾፌር ቢጫ ጀሪካን ለመነ፤ አፉን በጩቤ አሰፋው፤ ማመልከቻውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከተተበትና በጨርቅ ወትፎ ደረቱ ላይ አሰረው። ሾፌሮቹ የሚያደርገውን ሲያዩ ተነሡ። ሁለት ጎረምሶች አብረውት ገቡና ውኃው ወገባቸው ሲደርስ ተመለሱ። እሱ ቀጠለ። ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ወሰደው፤ አንድ ጊዜ ራሱ ጠፍቶ ቢጫው ጀሪካን ብቻ ታየ። ወዲህ ያሉት «አበቃለት» ሲሉ ወዲያኛው ዳር ቁልቁል ርቆ ብቅ አለ። ጫማው የለም፣ ትከሻው ተሸርክቷል። ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ ሲያሳያቸው ወንዙ ዳር ያለው ሁሉ በፉጨት አጀበው።

ባዶ እግሩን ሮጠ፤ ከዚያ ሽንኩርት የጫነ መኪና አሳፈረው። ጽሕፈት ቤቱ ሲደርስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቦርሳዋን አንግታ በሩን ልትቆልፍ ነበር።

«ነገ ጠዋት ይምጡ» አለችው።

«ነገ የእኔ ቀን አይደለም» አለ ያዮ። «የእኔ ቀን ዛሬ ነው፣ እሱም አላለቀም።»

ሴትዮዋ ጭቃውን አየች፣ ደሙን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። የሥራ መውጫው ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። በሩን መልሳ ከፈተችና ማመልከቻው ላይ የሐሙስን ቀን መታችበት። ያዮ ማኅተሙ ሲያርፍ ያለውን ድምፅ ከሰማ በኋላ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠና መነሣት አቃተው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኬላው ላይ ግልገሏ እየደከመች ነበር። የእናቷን ጡት ካጣች ወዲህ አንገቷን መሬት ላይ ጥላ ትተኛለች። ሸምሱ አዝኖ፣ ልርዳ ብሎ፣ ወግሪስን ወደ ጎን ወሰደው።

«እሷ እንደሆነ መሞቷ አይቀርም። ዘበኞቹን እኔ አናግራለሁ፣ ዛሬውኑ እረዳት። ያኔ ቁጥሩ ሃያ ይሆናል፤ ከሰነዱ ጋር ገጠመ ማለት ነው። ሁላችሁም ትገላገላላችሁ።»

ደሀብም ሰምታ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ልቧ አመንትቷል። አንዲት ግልገል በሃያ ግመል። ወደ ወግሪስ ዞረች።

«አላርዳትም» አለ ወግሪስ። «ከሞተች መንገድ ላይ መወለዷን በምን እናሳያለን? ደብቀው አጠፏት ነው የሚሉን።» ይህንን ያህል ሲናገር ከሰሙት ቆይተዋል።

ወደ ዘበኞቹ አለቃ ሄዶ በረቱ ውስጥ እንዲያስገባው ጠየቀ። አለቃው ኤግዚቢት ያለበት ቦታ ሰው እየገባ መውጣት አይችልም አለው።

«እንግዲያው ልግባና አልወጣም» አለ ወግሪስ። «ቆልፍብኝ።»

አለቃው የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ቆለፈበት።

ቆርቆሮው ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይግላል። ወግሪስ ጥላውን ለግልገሏ ትቶ እሱ ፀሐዩ ላይ ይቀመጣል። የድንበሩ መንደር ሴቶች ወሬውን ሰምተው የግመል ወተት በቆርቆሮው ቀዳዳ ማቀበል ጀመሩ፤ እሱ ጣቱን እየነከረ ያጠባታል። ሽርጡን አውልቆ አካሏን ያሽበታል፤ ከዚያ ለዘበኛው ያቀብለዋል፤ ዘበኛው ወስዶ ጥቁሯን ግመል ያስሸትታታል፤ ከእሷ ገላ አሽቶ ደግሞ ይመልስለታል። እናት ልጇን እንዳትረሳ ነው። ዘበኞቹ መጀመሪያ ሲያዩት ይሣሣቁ ነበር፤ በኋላ ግን ሽርጡን ማን ያድርስ እያሉ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ደሀብ ማታ ማታ አጥሩ ጋ መጥታ ትጠራዋለች። እሱም ከውስጥ «ቆማለች» ይላታል፣ ወይም «ዛሬ ጠጥታለች»። ሌላ አይጨምርም።

ይግባኙ በጊዜው ስለገባ ጨረታው ቆመ፤ ወንዙ ሲጎድል ጉባኤው ራሱ ወደ ኬላው መጣ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ የትናየት የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ይዘዋል።

«ማመልከቻው ግልጽ ነው፤ በቀኑም ገብቷል» አሉ። «ግን ወረቀት ማንም ይጽፋል። ይህች ግልገል የዚህች ግመል ልጅ መሆኗን፣ ሰነዱ ከታተመ በኋላ መወለዷንም ማየት እፈልጋለሁ።»

ሐኪሙ ግልገሏን አገላብጦ አያት። የእትብቷ ጫፍ ደርቋል፣ ገና ግን አልረገፈም። «ሰነዱ ሲታተም በምድር ላይ አልነበረችም» አለ።

«እናቷስ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ወግሪስ ከበረቱ ወጥቶ ነበር። ፊቱ ከስቷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። «ከመንደሩ ግልገሎች ጋር ቀላቅሏትና እናቲቱን ልቀቋት» አለ።

የመንደሩ ሴቶች ግልገሎቻቸውን አመጡ። ዘበኞቹ ቀላቅለዋቸው ዞር አሉ። ያዮ ትከሻው እንደተጠቀለለ ቆሟል፤ ሰዓዳ የእናቷን እጅ ይዛለች። ጥቁሯ ግመል ስትለቀቅ መጀመሪያ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እያሸተተች አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን አለፈች። አራተኛዋ ጋ ስትደርስ ከሆዷ የሚወጣ የሚመስል ረጅም ድምፅ አሰማች፤ ግልገሏም እየተንገዳገደች ሆዷ ሥር ገባች። ወተቱ ከጡቷ አሸዋው ላይ ሲፈስ ሁሉም አየው።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቅጣቱ ተሰርዟል» አሉ። «ሁሉም ይለቀቁ።»

የኬላው ሹም የሽቦውን በር የከፈተው በገዛ እጁ ነው። ሰነዱ ላይ «ሃያ አንድ» ብሎ አርሞ ፈረመና ለደሀብ እየሰጣት «እናቴ፣ ዛሬ በመሳሳቴ ደስ ብሎኛል» አላት። ግመሎቹ እየተግተለተሉ ሲወጡ የመንደሩ ሴቶች እልል አሉ፤ ዘበኞቹ አጨበጨቡ። ሸምሱ ሳይቀር ሽርጡን አሸርጦ ግመል ሲነዳ ታየ። ከድንበሩ ማዶ የሚጠብቀው ነጋዴ ነገሩን ሲሰማ ጥቁሯን ከነልጇ ለደሀብ መለሰላትና በሚመጣው ዙር የዚህን እጥፍ አዘዛት። ጎረቤቶቿ አምነው የሰጧት ግመል ሁሉ በክብር ወጣ። እነደሀብ ገና መንገድ ላይ ሳሉ፣ አፋር መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ወሬ የሚለዋወጥበት ዳጉ ቀድሟቸው ነበርና፣ መንደሩ በሙሉ ግማሽ መንገድ ድረስ ወጥቶ በጭፈራ ተቀበላቸው።

ጭፈራው ሲበርድ ሽማግሌዎቹ ደሀብን ቃሏን አስታወሷት። ግልገሏ የማን ናት?

ያዮ አላፈረም። «እኔ እፈልጋታለሁ» አለ። «ወረቀት ጎርፍ አይሻገርም፤ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። አብረውኝ የገቡት ተመልሰዋል። ነፍሱን ያስያዘ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

«አንተ የተሻገርከው እኔ ሐሙስ ነው ስላልኩህ ነው» አለች ሰዓዳ። «ባልናገር ኖሮ ሁላችሁም ሽማግሌ ይዛችሁ ኃላፊውን ስትጠብቁ ቀኑ ያልፍ ነበር። ያንን ቀን ከእናቴ ጋር ተጣልቼ ነው ያተረፍኩት።»

ወግሪስ የግልገሏን ጆሮ እያሻሸ፣ «እናንተ በሩን አስከፈታችሁ» አለ። «በበሩ ይዛችሁ የምትገቡት ነገር ግን እኔ ጋ ነበር። ብትሞት ኖሮ፣ በቀኑ የገባው ይግባኝ በቀኑ ይወድቅ ነበር።»

አንዱ ሽማግሌ ለሦስት ትሁን አለ። ደሀብ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። «ያስወጣልኝ ሰው ነው ያልኩት፤ ሰዎች አላልኩም። ጆሮዋም ላይ የሚደረገው የአንድ ሰው ምልክት ነው።»

ሌሊቱን ሙሉ መንደሩ ሲከራከር አደረ። የደሀብ ልብ ወደ ሰዓዳ ሲሄድ የያዮ ትከሻ ይታያታል፤ ወደ ያዮ ሲሄድ የወግሪስ የተሰነጠቀ ከንፈር ይታያታል፤ ወደ ወግሪስ ሲሄድ ደግሞ ሰዓዳ ቀለም ይዛ ፊቷ ትቆምባታለች። በልጆቿ እንዲህ ኮርታ አታውቅም፤ እንዲህም ጨንቋት አያውቅም። ሲነጋ የምልክት ማድረጊያውን ስለት በእጇ ይዛ፣ ሦስቱን ልጆቿን በፊቷ አቁማ፣ ግልገሏ አጠገብ ተንበረከከች።

እናንተ በደሀብ ቦታ ብትሆኑ፣ ጊዜው ሳያልፍ ላወቀችው፣ ጊዜው ሳያልፍ ለደረሰው ወይስ ጊዜው እስኪደርስ ለጠበቀው፣ ግልገሏን ለማን ትሰጣላችሁ፣ የማንንስ ምልክት ታደርጉባታላችሁ?